ስሙ ያጣላኝ ጠመንጃ

ንጋት 12፡00፣ ወልድያ

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ «መርሳ፣ መርሳ» እያሉ ይጣራሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ጠመንጃ ልገዛ ነው የምሄደው ስለው ዞር ብሎ አየኝና ማርሽ አስገባ። አይፈረድበትም። የምፈልገው ግን ድሮ በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ እየተጎሰጎሰ ይተኮስ የነበረውን፣ ዛሬ የማይተኩሰውን አሮጌ ነፍጥ ነው። «ቁመህ ጠብቀኝ» ይሉታል፤ አንዴ ተኩሰው እንደገና እስኪያጎርሱት ድረስ ጠላት ቆሞ መጠበቅ አለበት ለማለት ነው።

የምገዛው ላሳደጉኝ አጎቴ ለአያ መኮንን ነው። መርሳ ይኖራሉ። በሀብሩ ወረዳ ሠርግ ሁሉ ፉከራ የሚያምርባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ቤታቸው ሲቃጠል የአባታቸው ነፍጥ አብሮ ነደደ። ቅዳሜ የመጨረሻ ልጃቸውን ይድራሉ፤ «በዱላ አልፎክርም» ብለው ግን እንቢ አሉ። ሙሽራዋ አልቅሳብኛለች። እኔ ደግሞ ጠመንጃ መምረጥ እችልበታለሁ፤ ቢያንስ እንደዚያ ነው የማስበው።

ጠዋት 3፡00፣ መርሳ

ገበያው ደርቷል። ማንጎ ተከምሯል፤ ፍየል ይጮኻል፤ ባጃጅ መተላለፊያ አጥቷል። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሚያብረቀርቅ ነፍጥ አወጣልኝ። ሰደፉ በናስ አጊጧል፤ ልቤ ከጀለው። አፈሙዙን በጣቴ ስዳስሰው ግን ውስጡ እንደ ብሎን ጥርስ አለው። የውሃ ቧንቧ ነው! ነጋዴው ምንም አላፈረም፤ ለሠርግ ከሆነ ማን ያያል አለኝ። አያ መኮንን ያያሉ። ትቼው ወጣሁ።

5፡30፣ ውርጌሳ

ሐጂ ሰይድ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ነፍጥ ምንጣፍ ላይ አጋደሙልኝ፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ረጅሙንና ያማረውን አነሳሁ።

«አጎትህ ስንት ዓመታቸው ነው?» አሉኝ።

ሰማንያ ሊሞላቸው ነው አልኳቸው።

«እንግዲያስ ያንን ተወው የኔ ልጅ። ፎካሪ ጠመንጃውን ባንድ እጁ ወደ ሰማይ ያነሳል። ያ ይከብዳቸዋል፤ ክንዳቸው ቢንቀጠቀጥ በሙሽራዋ ፊት ታዋርዳቸዋለህ።»

ይሄን ጨርሶ አላሰብኩትም። አፈርኩ። አጭሩን ባንድ እጄ ሳነሳው ቀለለኝ፤ በዋጋውም ብዙ ሳንከራከር ተስማማን። ሐጂ «አላህ ለልጃቸው ደስታ ያድርሳቸው» ብለው መረቁልኝ። ወዲያው ለአያ መኮንን ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ቁመህ ጠብቀኝ ገዝቻለሁ» ከማለቴ ስልኩ ተቋረጠ።

8፡00፣ መርሳ

ኬላ ላይ ሐጂ የሰጡኝን፣ ነፍጡ እንደማይተኩስ የሚገልጸውን የቀበሌ ወረቀት አሳይቼ አለፍኩ። አያ መኮንን አስፋልቱ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ተገትረዋል። ሰላምታዬን አልተቀበሉም።

«‹አንተ› ትለኝ ጀመር?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ቁመህ ጠብቀኝ አላልከኝም? እንደ እኩያህ? ይኸው ቆሜያለሁ!»

ክው አልኩ። በስልኩ የተሰማቸው የጠመንጃው ስም ብቻ ኖሯል። ከማስረዳት ይልቅ ነፍጡ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈታሁት።

አያ መኮንን ጠጋ አሉ። አፈሙዙን ዳሰሱ፤ ሰደፉን አሸተቱ። ከዚያ ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው ነፍጡን ባንድ እጃቸው ወደ ላይ አነሱት። ክንዳቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። የባጃጅ ሾፌሮቹ አጨበጨቡ፤ እኔ እንባዬ መጣ።

አያ መኮንን ነፍጡን ሳያወርዱ ለሙሽራዋ ልጃቸው አስደወሉኝና በሌላው እጃቸው ስልኬን ተቀበሉ።

«ስሚ፣ ያ ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ቅዳሜ እኔ ልፎክር ስነሳ ስፒከሩን ያጥፋ በዪው» አሏት።