ከሰማይ የሚወርደው ጥጥ

ቶማ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። ቦዲቲ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም በገበያ ቀን ቪዲዮ ቤቱ ሲሞላ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን በወላይትኛ የሚያስረዳው እሱ ነበር። ያልገባውን ከራሱ ይፈጥራል። የፈጠረው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፊልሙ ይጥም ነበር።

ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት አንዲት የካርቱን ካሴት ነበረች። ባለታሪኳ ክንፏ የተጎዳ የሽመላ ጫጩት ናት፤ ብርድ ሲመጣ መንጋው ጥሏት ወደ ሞቃት አገር ይበራል፣ እሷም በእግሯ ትከተላለች። "ወዴት ነው የሄዱት?" ይላል ቶማ። ልጆቹ ባንድ ድምፅ "ወደ አባያ! እኛ ጋ!" ብለው ይጮኻሉ። ታናሽ እህቱ ፈጠነች ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች።

መጨረሻው ላይ ከሰማይ ነጭ ነገር ይወርዳል። በረዶ እንዲህ አገር ምድሩን ሲያለብስ ያየ እዚያ ቤት ውስጥ ማን አለ? ቶማም አላየም። የመጀመሪያ ቀን ትንሽ አሰበና "ጥጥ ነው" አለ፤ "በዚያ አገር ጥጥ እንደ ዝናብ ይወርዳል።" ጫጩቷ ነጩ ውስጥ ጋደም ትላለች፤ እየወረደ ይሸፍናታል። ቶማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሞቃትና ተኛች። ጠዋት ተነሥታ ትደርስብናለች" ይላል። ልጆቹ በጫጩቷ እየቀኑ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን የቶማና የፈጠነች እናት ብርሃኔ ልትጠራቸው መጥታ ይህን አየች። ብርሃኔ ልጆቿን ጥጥ ፈትላ ያሳደገች ሴት ናት። በር ላይ እንደቆመች "ይሄ ጥጥ አይደለም" አለች። ቶማ በዓይኑ ጠቀሳት። እሷም ነገሩን ደግማ አላነሣችውም።

ጊዜው ሄደ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ቶማም ሥራ አጥቶ ከተንከራተተ በኋላ ጓደኛውን ደገፉን ይዞ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። ከኬንያ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ፈጠነች ያኔ ሶዶ ውስጥ የመዋለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። ለእረፍት ቦዲቲ በሄደች ቁጥር ብርሃኔ ገና ቦርሳዋን ሳትቀበላት "ደወለ?" ትላታለች። ፈጠነች ከዚህ ጥያቄ የባሰ ጭንቀት አልነበራትም።

ወንድሟ ሲናፍቃት ፊልሙን መፈለግ ጀመረች። ሲዲ የሚያከራየው ጌታነህ መጀመሪያ የሰጣት አዲሱን ነበር፣ በኮምፒውተር የተሠራውን። ወይ ጉድ! ጫጩቷ ትጨፍራለች፣ ትቀልዳለች፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተተች ትስቃለች። "ክፍል ሁለትም አለው" ብሎ ያመጣላት ደግሞ ብሶ ተገኘ፤ መንጋው ሁሉ ተመልሶ መጥቶ በጀርባው ተሸክሟት ይሄዳል። ለተማሪዎቿ ብታሳያቸው በሳቅ ፈረሱ። እሷ ግን ተናደደች፤ ቶማ የተሰደበ ያህል ነው የተሰማት። በሕይወቷ ማንም ተመልሶ ሲሸከም አላየችም።

በመጨረሻ ጌታነህ ከካሴት የተገለበጠውን የድሮውን አገኘላት። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ምስሉ ይዘላል፤ ጫጩቷ ግን ያችው ናት። ብቻዋን ተቀምጣ አየችው። አሁን እንግሊዝኛ ትሰማለች፤ ተራኪው በመጨረሻ የሚለውን ሰማች። ጫጩቷ አልተኛችም። በብርድ ሞተች፤ መንጋውም አላወቀም። ፈጠነች ቴሌቪዥኑን አጥፍታ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ ደገፉ ደወለላት። የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ከኋላ ተቆልፎ ነበር። አየር ሲያጥራቸው ግድግዳውን ደበደቡ፣ ጮኹ፤ ሾፌሩ አልቆመም። ሲከፈት ከተረፉት አንዱ ደገፉ ነው። ቶማን ከመንገድ ዳር ቀበሩት።

መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ በሽማግሌዎች ነው። ፈጠነች ግን ሽማግሌዎቹን ለመነቻቸው፤ እናንተ ቁጭ በሉ፣ እኔ ልንገራት አለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስል አድራ ነበር። እናቷ የሰዎቹን ብዛት አይታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"ቶማ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እንዴት ሆኖ?"

"የተሳፈሩት ጥጥ የጫነ መኪና ላይ ነበር" አለች ፈጠነች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጥጡ ላይ ጋደም አለ፤ ሞቀውና እንቅልፍ ወሰደው። በዚያው አረፈ። ምንም አልተሠቃየም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ተመስገን" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ብርሃኔ አልጮኸችም። ወደ ልጇ ዞረች።

"ይሄ ጥጥ አይደለም" አለች። "ያኔ ዝም ያልኩት ልጆቹ ደስ ብሏቸው እንዲያድሩ ብዬ ነው። እኔ ልጅ አይደለሁም። በይ፣ ልጄ የሞተውን ሞት ንገሪኝ።"

ፈጠነች ነገረቻት፤ ቁልፉንም፣ ግድግዳውን መደብደባቸውንም ሳታስቀር።