ተኩሱ ከየት መጣ

በዛብህን አሰላ ከተማ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ ያልጠገነው ራዲዮ የለም፣ በቀጠሮው ቀን የመለሰው ራዲዮም የለም። የሰው ራዲዮ ይዞ ምን እንደሚሰማበት እናቴ አልጣሽ ለሰፈሩ አዳርሳለች። እሷ እንዳለችው የሞቃዲሾን ወሬ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ከሶማሊያ ጋር በምንዋጋበት በዚያ ዘመን ሰው ያስበላል፤ ይህን ያሰበችው ግን ዘግይታ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው የሚያሳድደው የጋማ ጨረር ፍንዳታ ነበር። አንድ የውጭ ጣቢያ ላይ ሰምቶ ነው ልክፍቱ የያዘው። አሜሪካኖች በስውር አቶም የሚያፈነዳውን ለመያዝ ሳተላይት ሰቀሉ፤ ሳተላይቶቹ ግን ከህዋ የመጣ፣ ዓይን የማያየው ብልጭታ ያዙ። ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ይጠፋል። ምን እንደፈነዳ፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ የሚያውቅ የለም። የትኛው ሳተላይት ጋ ቀድሞ፣ የትኛው ጋ ዘግይቶ እንደደረሰ እያስተያዩ አቅጣጫውን ብቻ ይገምታሉ። በዛብህ ይህን ሁሉ ራዲዮውን ሊወስድ ለመጣ ደንበኛ ያስረዳል። ደንበኛው ህዋን ተምሮ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ልጁን አበባን፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋን፣ የቀበሌ ታጣቂዎች ከቤት ወሰዷት። በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ ራዲዮ አሥራ ሁለት ሰዓትን ሲደውል ተኩስ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ስሟ ከተገደሉት ጋር ተለጠፈ። የት እንደተቀበረች መጠየቅ ክልክል፣ ማልቀስም ክልክል። ሚስቱን ውድነሽን እህል አልወርድ አላት።

"መሬቱን ብቻ አሳየኝ" አለችው። "ሌላ አልጠይቅህም።"

በዛብህ የራዲዮውን ደወል አሰበ። በየሴኮንዱ አንድ፣ ስድስት ጊዜ ጢጥ ይላል። ራዲዮ የከፈተ ሁሉ ያንን በአንድ ቅጽበት ሰምቷል፤ ተኩሱ ግን ለቅርቡ ቀድሞ፣ ለሩቁ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ራዲዮዎቹን ደግሞ የጠገናቸው እሱ ነው፤ የማን ቤት እንዳሉ ያውቃል።

"ራዲዮው ደህና ይሠራል ወይ?" እያለ በየደንበኞቹ ቤት ገባ። ሰኪና ተኩሱን የሰማችው ከሁለተኛዋ ጢጥ ጋር ነበር፤ ገብረ መድህን ከአምስተኛዋ፤ ራሱ በዛብህ ከስድስተኛዋ ጋር።

እኛ ቤት ሲደርስ "እትዬ አልጣሽ፣ ዛሬ ምንም እንዳይጨምሩብኝ" አለ።

እናቴ ሳትጨምር አውርታ አታውቅም። ዓይኑን ማየት አቅቷት መሬት መሬት አየች።

"ከአራተኛዋ ጋር" አለች።

ድምፅ በሴኮንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር እንደሚሄድ እያሰበ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረ። መስመሮቹ የተገናኙት ከሳጉሬ መንገድ በላይ፣ ጉደታ የሚባል ገበሬ የገብስ ማሳ ላይ ነው። ሄዶ ስለ ምርቱ ጠየቀው፤ ስለ ከብቶቹ ጠየቀው። ስለ አበባ መጠየቅ አልቻለም። ጉደታ ሁሉንም ሲመልስለት ቆይቶ ወደ ማሳው ጥግ ዞረ።

"ጋሼ፣ ያቺን ጥግ ከእንግዲህ አላርሳትም" አለው።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ገብስ ሊገዙ ነው ተብሎ ጆንያ ይዘው ወጡ። በዛብህ በእጁ አመለከታት። ውድነሽ አፈሩ ላይ ተደፍታ፣ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ሊመለሱ ሲነሱ ጉደታ ጆንያውን ከበዛብህ እጅ ወስዶ ከጎተራው ገብስ ሞላበት።

"ባዶውን ይዛችሁ ከገባችሁ የት ነበራችሁ ይሏችኋል" አለ።