አብሹና የአጥንቱ መረቅ

ጋሽ ሣህሉ በምድር ባቡሩ ጋራዥ ሠላሳ ዓመት ብሎን ሲያጠብቅ ኖሮ ጡረታ ቢወጣ፣ የሚያጠብቀው አጣና የሰው ጤና ማጥበቅ ያዘ። መፍቻው በየመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ የሚለቅማት በራሪ ወረቀት ናት። አንዷን ሲያነብ ነርስ፣ ሁለተኛዋን ሲደግም ዶክተር፤ ሦስተኛዋ ላይማ ማን ይችለዋል!

ባለፈው ወር ድሬ፣ መጋላ ገበያ አፋፍ ላይ ጎረቤቱን ዐብዲከሪምን ሲያነክስ አገኘው። ባጃጅ ነጂ ነው። ሪህ የቀኝ አውራ ጣቱን አሳብጦበት፣ ሐኪሙ «ዩሪክ አሲድህ በዝቷል» ብሎ ክኒን አዞለታል።

«ተወው አቦ! ክኒን ኩላሊት ይጨርሳል» አለው ጋሽ ሣህሉ፣ ወረቀቱን እያውለበለበ። «አብሽ ብላ። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አሲዱን ጠራርጎ ነው የሚያወጣልህ!»

ወረቀቷስ ምን ትላለች? በአይጥ ተሞክሮ ተስፋ ሰጠ፤ በሰው ገና አልተረጋገጠም፤ መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ይህ የተጻፈው በደቃቅ ፊደል ነው፤ ጋሽ ሣህሉ ደግሞ መነጽር የሽማግሌ ነው ባይ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ባጃጇ ከደጅ ንቅንቅ ማለት ተወች። ፍሬን የሚረግጠው እግር መሬት መርገጥም አቃተው። ጋሽ ሣህሉ በዚያ በር ሲያልፍ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ሽቅብ እያየ ነው። ወረቀቷን ተደብቆ በመነጽር አንብቧታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንደ ምንም ገባ።

«እንኳን መጣህ ጋሼ!» አለች ራሕማ፣ የዐብዲከሪም ሚስት። «አብሽ ይብላ ብለህ የለ? በየቀኑ የአብሽ ሁልበት እሠራለታለሁ። በል ቅመስ።»

ጎድጓዳውን ሳህን ፊቱ አኖረችለት። ከላይ የተመታው አብሽ አረፋ ሠርቷል፤ ከሥሩ የበግ አጥንት መረቅ ከነመቅኒው። ሪህ የሚወደው ያንን ነው! አብሽ ሲል ከምን ጋር እንደሆነ አልነገራትም። ድሬ ላይ አብሽን ያለ መረቅ ማን ያውቀዋል?

«ክኒኑስ?» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«አለቀ አለኝ እኮ።»

አልጋው ላይ የተጋደመው ዐብዲከሪም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሽ ሣህሉ ያኔ ገባው፤ ሰውዬው በዚያ እግሩ ተኝቶ፣ «አለቀ» ብሎ ገመናውን ሸፍኖለታል። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ይህኛው ግን እሺ ብሎ ነው መከራ ያገኘው።

«አላለቀም፣ ራሕማ። ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን በወጉ አላነበብኩም። መረቁም ያብስበታል።»

«ዝም ብትል ምናለበት!» አለ ዐብዲከሪም። «አሁን ሁለታችንንም አትምረንም።»

ራሕማ ሳህኑን ከጋሽ ሣህሉ ፊት አነሳች።

«ወላሂ፣ በገዛ እጄ...» ብላ አልጨረሰችውም። «ባጃጅ ትነዳለህ?»

«አልነዳም።»

«መንዳቱስ በወረቀት አልመጣልህም? ተነሥ፣ ደግፈው! ሐኪም ቤት ነው።»

የዐብዲከሪምን ክንድ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ደጁን ሲሻገሩ ከኋላ ጮኸችበት።

«ለሐኪሙ የምትነግረው አንተው ነህ! መነጽርህንም ያዝ!»