ከሉን አላወልቅ ያለው ኮምፒውተር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የቤታችን ስልክ ጮኸ። ደግነቱ ያነሳሁት እኔ ነኝ...

ደዋይዋ እትዬ አስናቀች ናቸው፤ ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ይሠራበት የነበረው የአስጎብኚ ድርጅት ጸሐፊ። ብሩክ ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

«እናትህን አቅርብልኝ፣ ማሙሽ።»

«ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ለእኔ ይንገሩኝ።»

ዋሸሁ። እማዬ ጓዳ ነበረች።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተዝካሩ ላይ የጎደለ ነገር ነበር እንዴ? የብሩክ ነፍስ ኮምፒውተራችንን አልለቀቀችውም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ... ቀጥሎ ንዴቴ። እማዬ «ምን አጉድዬበት ይሆን?» እያለች እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ይቺን ወሬ ከሰማች አለቀላት። «እኔ እመጣለሁ፣ እባክዎ ለእሷ እንዳይደውሉ» ብዬ ዘጋሁና ከመካኒሳ ወደ ጎፋ በታክሲ በረርኩ።

ስደርስ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር ከበው ቆመዋል። እትዬ አስናቀች፣ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ግርማ፣ እና በብሩክ ቦታ የተቀጠረው ሙሉጌታ። ሙሉጌታ «ኢንጂነር» ብለው ካልጠሩት አይዞርም።

ስክሪኑ ላይ የድርጅቱ ድረ ገጽ ተከፍቷል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለብሩክ አርባ «ገጹ ሦስት ቀን ከል ይልበስ» ተባለና ሙሉጌታ አጠቆረው። ሰኞ ወደ አረንጓዴው መለሰው። እሱ የራሱ ማሽን ላይ ያለውን ስለሚያይ አረንጓዴ ነው ይላል። የጋሽ ግርማ ኮምፒውተር ግን ይኸው እስከ ቅዳሜ ጥቁር! ከጀርመን አንድ ደንበኛ ሳይቀር ደውሎ «እስካሁን ሐዘን ላይ ናችሁ?» ብሏል አሉ።

«ሟቹ ውስጥ ለውስጥ የቀበረው ነገር አለ» አለ ሙሉጌታ፣ እኔን እያየ። «የእኔ ሥራ ትክክል ነው።»

እትዬ አስናቀች በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። «ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ጠብ ባደርግለትስ?»

«ይቃጠላል!» አሉ ጋሽ ግርማ። ትንሽ አሰቡና... «እስቲ በስተኋላው ሞክሪው።»

ወደ ሙሉጌታ ዞርኩ። «የቀለሙን ፋይል ስም ምን አሉት?»

«የምን ስም? ወንድምህ ስታይል 39፣ ስታይል 40፣ ስታይል 41 እያለ ቆሻሻ ሲያጠራቅም ነበር። ገጹን ሳጠቁር ጊዜ አንድ አደረግሁት። ስታይል፣ በቃ!»

ቆሻሻ አለው...

ብሩክ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ይዞኝ ይሄድ ነበር። የገጹን ቀለምና የፊደሉን መጠን የሚይዘውን ፋይል በእጁ አይጽፈውም፤ ራሱ የሠራት ትንሽ ፕሮግራም ትጽፍለታለች። በጻፈች ቁጥር ለፋይሉ አዲስ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ገጹም አዲሱን ስም እንዲጠራ ታደርጋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

«ብሮውዘር፣ ገጹን ከፍቶ የሚያሳየን ፕሮግራም፣ እንደ ክፍል አለቃችሁ ነው። ስም ይጠራል፣ ‹አቤት› የሚል ከሰማ ቀና ብሎ አያይም። በዚህ የስልክ መስመር ፋይል ማምጣት ስለሚያሰለቸው፣ በዚያ ስም ያስቀመጠው ካለ የድሮውን ያወጣልሃል። አዲስ እንዲያመጣ ከፈለግህ አዲስ ስም ስጠው።»

ይህ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የገባው ነገር ነው። «ኢንጂነሩ» ግን ጥቁሩንም አረንጓዴውንም በአንድ ስም አስቀምጦ ጥፋቱን ለሞተ ሰው ሰጠው። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥማ!

«ልቀመጥ?» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ መጫወቻ አይደለም» አለ ሙሉጌታ።

«ጠበል ከመጠመቁ በፊት አንዴ ልሞክረው።»

ጋሽ ግርማ ወንበሩን ለቀቁልኝ። ብሩክ ይሠራበት የነበረው ማሽን ይኸው ስለሆነ ፕሮግራሙ እዚያው ነበረች፤ ሙሉጌታ ምን እንደሆነች ስላላወቀ እንኳ አልጠረጋትም። አስነሳኋት። አረንጓዴውን ጻፈችና ስታይል 42 አለችው... ብሩክ ካቆመበት ቀጥላ። ሞደሙ እየጮኸ ፋይሉን ላከው። ብሮውዘሩን ዘግቼ ከፈትኩት።

አረንጓዴ።

እትዬ አስናቀች እልል አሉ። ጋሽ ግርማ አጨበጨቡ። ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም እሱኑ ላደርግ ስል ነው የመጣኸው» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት ነበር ማለት ነው፣ ምስኪን!

«ለእናትህ ንገራት፣ ነፍሱ አረፈች» አሉኝ እትዬ አስናቀች፣ ጠርሙሱን እየከደኑ።

«የእሱ ነፍስማ ድሮ አርፋለች። ያላረፋችሁት እናንተ ናችሁ። እማዬ ጋ እንዳይደውሉ፣ አደራ!»

ደንግጠው «አልደውልም፣ በማርያም» አሉ።

ስወጣ ጥቁር ሹራቤን እያስተካከልኩ ዞር ብዬ አየሁ። ጋሽ ግርማ ሻይ አዘዋል፣ ሙሉጌታ አንድ ነገር ተናግሮ እየሳቁ ነው። ከኋላቸው ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል...

በዚያ ቢሮ ለወንድሜ ከሉን ሳያወልቅ የቆየው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ እሱንም ያስወለቅሁት እኔው ነኝ።