አምባሰል እምቢ ያለኝ ክራር

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበት፣ አገር አልጠፋበት፤ ያሉበት አንድ ልጅና አንድ እልኸኛ ክራር ብቻ ናቸው። መርሳ ያደጉ እኩዮቼ ግን ብስጭቴን ይረዱልኛል ብዬ ልሞክር።

ልጅ እያለሁ የምችለው ትዝታ ብቻ ነበር። ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ጋሼ በላይ ናቸው፤ የአይሱዙ ሹፌር ስለነበሩ ልብሳቸው ሁልጊዜ ናፍጣ ይሸታል። ታላቅ እህቴ ዘነበች ከጥምቀት በኋላ ለውርጌሳ ሰው ልትዳር ቀን ሲቆረጥ ጠራችኝና፣ "ከቤት ስወጣ ክራር የምትመታልኝ አንተ ነህ። ትዝታ እንዳታሰማኝ ብቻ፣ ኩሌ ይበላሻል። አምባሰል ይሁንልኝ" አለችኝ። አዝላ ያሳደገችኝን እህት እንዴት እምቢ እላለሁ?

ጋሼ በላይ አንድ ቅዳሜ በራሳቸው ክራር የአምባሰልን የጣት አካሄድ አሳዩኝና ጭነት ይዘው ወደ አፋር ወረዱ። ቤት ገብቼ በራሴ ክራር ሞከርኩ። ጣቶቼ እንዳሳዩኝ ይሄዳሉ፤ የሚወጣው ግን ያው ትዝታ፣ እሱም የተወላገደ። ክሩን ቀየርኩ። ጣቴ ውኃ እስኪቋጥር ደረደርኩ። ታናሽ ወንድሜ "አምባሰል በእግር ነው የሚወጣው" እያለ ያሾፍብኛል። አንድ ቀን በንዴት ክራሩን ጭድ ላይ ወረወርኩትና ተመልሼ አቧራውን እያራገፍኩ አለቀስኩ።

ሰርጉ ደረሰ፤ ጋሼ በላይ አልተመለሱም። ዘነበች ስትወጣ ያንኑ የተወላገደ ዜማ መታሁ። አክስቴ "ምነው ይሄ ልጅ፣ ሊያስለቅሳት ነው እንዴ?" ሲሉ ሰማሁ። እውነትም ኩሏ እስከ ጉንጯ ወረደ። ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ሲያስገቧት ቀና ብዬ አላየኋትም።

ጋሼ በላይ የመጡት በዓቢይ ጾም ቅበላ ነው። ክራሬን ተቀብለው ክሮቹን ነካ ነካ አደረጉና ከት ብለው ሳቁ። "ልጄ፣ ጣትህ ውርጌሳ ደርሷል፤ ክራርህ ገና መርሳ ቆሟል! ይሄ እኮ በትዝታ እንደተቃኘ ነው። አምባሰል የራሱ ቅኝት አለው።"

ምነው ያኔ ቢነግሩኝ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። መቃኛዎቹን እንዴት እንደማዞር አሳዩኝ፤ ስመታው ያ ዜማ ወጣ። በማግስቱ ግን ጾም ገባ። እናቴ ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅላ "እሱም ይጹም" አለች። አሁን አውቄው መምታት አልቻልኩም! ሁዳዴን ሙሉ ጣቶቼን በአልጋው ጠርዝ ላይ ሳለማምድ ከረምኩ።

ዘነበች ለፋሲካ ከባሏ ጋር መጣች። ክራሩን አውርጄ፣ ራሴ ቃኝቼ፣ ገና ሳትቀመጥ መታሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ይኸው፣ አሁን ገና በወጉ ተዳርኩ" ብላ ሳቀች። ኩሏ አልተነካም።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጊታሩን በስልኩ እያየ ሲቃኝ አያለሁ። ሳይሳሳት ይጨርሳል። እቀናበታለሁ፤ ቢሆንም ግድግዳ ላይ የሚጾም ክራርን እያዩ መቆየት ምን እንደሆነ ብነግረው የሚገባው አይመስለኝም። ለእኔ የእህቴ ሰርግ ያለቀው በጥር አይደለም፤ በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው።