ሳህሉ የመረጠው አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ስንመለስ፣ አዋሽ አካባቢ ጥጥ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብላ አለፈች። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደ መስኮት አሰገገ። እኔ ግን ሳህሉ ትዝ አለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። አሰብ ወደብ ላይ የታይፕ ጸሐፊነት ሥራ አግኝቼ ከደሴ የወረድኩ ልጅ ነበርኩ። ሳህሉ የነዳጅ ማጣሪያው መካኒክ ነበር፤ ልንጋባም ተቃጥረናል። ከሥራ ስወጣ እየጠበቀኝ፣ ተራ ይዘው በቆሙት የጭነት መኪኖች መካከል ዞር ዞር እንላለን። የአሰብን ሙቀት ያላየ አያውቀውም፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ሰው የሚነቃቃው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

አንድ ማምሻ ዓሣ ጥብስ በትኩስ ዳቦ እየበላን ሳለ፣ ከአንድ መርከበኛ ያገኘውን ወፍራም መጽሔት ከሸሚዙ ውስጥ አወጣ። ሰዎች በየጓሯቸው ስለሚሠሯቸው አውሮፕላኖች የሚናገር ነው።

«እኔም ልሠራ ነው» አለኝ። «እንግሊዝኛው ያንቺ፣ ምርጫው የሁለታችን።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እኔ ሳነብ እሱ ሲሥል ሰነበትን። አንደኛው ክንፉ ላይና ታች የተደራረበ፣ ዓይን የሚይዝ ነው። ሁለተኛው በእንጨትና በጨርቅ የሚሠራ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ። ሦስተኛው ከአሉሚኒየም ላሜራ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ። መጽሔቱ ለጀማሪ የሚመክረው ግልጽ ነበር፤ መልኩን አትይ፣ ቀላሉን፣ ጀምረህ የምትጨርሰውን ምረጥ ይላል። ከሁሉ በፊት ግን ለምን እንደምትፈልገው እወቅ።

«ለምንድን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

«ለመብረር ነዋ!»

«ወዴት?»

መጽሔቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። እኔም አልደገምኩም። ከባሕሩ ማዶ የመን ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ በእጮኛሞች መካከል እንኳ አይደገምም።

«እንግዲያው የእንጨቱ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ሠርቶ ለማያውቅ ሰው የሚሆነው እሱ ነው።»

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

እስከዚያች ደቂቃ አስቦት የማያውቅ ይመስል አፍጥጦ አየኝ። ግራ ተጋባሁ፤ ልቆጣ ወይስ ልሳቅ?

በማግሥቱ ሥዕሎቹን ይዘን አለቃው ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ሄድን። ሳህሉን እንደ ልጃቸው የሚያዩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩና ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ባለ አንዱን ብትሠራ ብቻውን ሊጠፋ ነው ይሉሃል። ባለ ሁለቱን ብትሠራ ሰው ይዞ ሊጠፋ ነው ይሉሃል። የቱ ይሻልሃል?»

ሳህሉ ሳቀ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ባለ ሁለቱ» አለ። ከባዱን፣ ለጀማሪ አይሆንም የተባለውን መረጠ። ወደ ቤት ስንመለስ ሙቀቱ አልተሰማኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ሳህሉ ጠፋ። ጎሕ ሳይቀድ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ የመን ተሻግሯል። ቢሮዬ በር ላይ መጥተው የነገሩኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው።

«አውሮፕላኑስ?» አልኳቸው።

«እኔንም ግራ የገባኝ እሱ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ትናንት ከሥራ ስንወጣ እንኳ አሉሚኒየም ከየት እንደሚገኝ ሲጠይቀኝ ነበር።»

ሊሸሽ ፈልጎ ከሆነ ጀልባው ድሮም ነበር፤ ስለ ክንፍ ሲያወራ መሰንበቱ ለምን? መብረር ብቻ ከሆነስ የፈለገው፣ ምን አስኬደው? ብዙ ዓመት አወጣሁት፣ አወረድኩት። በመካከሉ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጆቼም ለወግ በቁ። ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ለምን ጥለኸኝ ሄድክ አልለውም፤ ያንን ጥያቄ ዕድሜ ወስዶታል። ጋሽ መኩሪያ ፊት ባለ ሁለቱ ስትል ከልብህ ነበር ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። ከልቤ ነበር የሚለኝ ይመስለኛል። እኔም አምነዋለሁ። ይኸው ማመኔ ነው እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ።