ጀርባ የሌለው ግንብ

ልጅ ሳለሁ የሆነውን ይህን ነገር አንድም ሳላዛንፍ አስታውሰዋለሁ ብዬ አልምልም። ዘጠኝ ዓመቴ ይሁን ዐሥር እርግጠኛ አይደለሁም፤ የመጫወቻው ሳጥን የመጣው ማሽላ ከመታጨዱ በፊት ይሁን በኋላ፣ እሱንም አላውቅም። እህቴ ብርቄ እንዲያውም ግማሹን «ራስህ የጨመርከው ነው» ትለኛለች። ስለዚህ የማውቀውን አውቃለሁ፣ የተጠራጠርኩትን እጠራጠራለሁ እያልኩ እጽፋለሁ። ንዴቴን ግን አልጠራጠረውም። እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ያኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ከገባች በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አልነበረም። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሲመሽ መልሶ ይተፋዋል፤ ስለዚህ ሰሌኑን አውጥተን ግቢ ውስጥ እናነጥፋለን፣ ትንኝ እንዲሸሽ የማሽላ አገዳ እናጤሳለን፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኩራዙን ድንጋይ ላይ እናስቀምጣለን። ጎረቤታችን ጋሼ ደምሴ ራታቸውን በልተው የሚመጡት ይኼኔ ነው። በጉልምስናቸው ቀወት ገጠር ውስጥ እየዞሩ ጎጆ የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሥራውን ትተው ተረቱ ብቻ ቀራቸው። ከሥራቸው የተነሣ ይመስለኛል፣ በተረታቸው ውስጥ ቤት የማይሠራ እንስሳ የለም። ቀበሮም ጃርትም ቤት ይሠራሉ፤ ዔሊ እንኳ ቤቷ ጀርባዋ ላይ እያለ ሌላ ትሠራለች።

ሌላ ሰው ሲያደርገው ያላየሁት አንድ ልማድ ነበራቸው። ተረቱ ቤት የሚሠራበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ያቆሙና «እንግዲህ ሥሩላት» ይሉናል። እኛም ከአገዳው ልብ ግድግዳ፣ ከልጣጩ ሚስማር እያደረግን እንሠራለን። ሲያልቅ ፍሙ አጠገብ አስጠግተው ዙሪያውን በጣታቸው እየዳበሱ ያዩታል፣ ከዚያ «እፍ!» ይሉበታል። ከቆመ ባለቤቷ ዝናቡን ታልፋለች፤ ከወደቀ ደግሞ ያቺ ምስኪን ከነልጆቿ ትበሰብሳለች። ተረቱ እንዴት እንደሚያልቅ የሚወስነው የእኛ እጅ ነበር። አንድ ጊዜ እኔ በሠራሁት ቤት ምክንያት አንዲት ጥንቸል ሞታ ብርቄ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዋጋቸው አንድ አገዳ ጥንቅሽ ነው፤ ጥርስ ስለሌላቸው እኛው ልጠን፣ በቢላ ቆርጠን እንሰጣቸዋለን፣ እሳቸውም ጣፋጩን እየመጠጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

አባቴ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከክፍሌ ሁለተኛ ስወጣ ከአዲስ አበባ አንድ ሳጥን አመጣልኝ። ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች አሉበት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚገጥም። ሳጥኑ ላይ የአስማተኞች ግንብ ተሥሏል፤ ማማዎቹ ደመና ነክተዋል፣ ጣሪያው ላይ ዘንዶ ተጠምጥሟል፣ ከላይ ደግሞ የአንድ ፊልም ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። አባቴ የሚያብረቀርቀውን ማኅተም በጣቱ እየነካ፣ «ኦሪጅናል ነው፤ የፊልሙ ባለቤቶች ፈቃድ ያለበት። ሻጩ ለዚህ ነው ዋጋው የተለየ ያለኝ» አለ። እናቴ ዋጋውን ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በዚህ እኮ ፍየል ይገዛ ነበር!» አለች።

ፊልሙን እኔ አላየሁትም። አባቴም አላየውም። ያኔ በሠፈራችን ያየው ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። በፍየል ዋጋ የተገዛው ስም ለማንኛችንም ምንም አልነገረንም፤ ዘንዶው ጠላት ይሁን ዘመድ እንኳ አላወቅንም።

ሦስት ቀን ሙሉ ሠራሁ። መመሪያው ሥዕል ብቻ ነበር፤ አንድ ገጽ ሳልዘል፣ ጡቦቹን በቀለም በቀለም ለይቼ በእናቴ ሰፌድ ላይ ደርድሬ ሠራሁ። ሲያልቅ ከፊት ያምራል። አዞርኩት። ከኋላ ባዶ ነው። ማማዎቹ እንደተሰነጠቀ ቅል ለሁለት የተከፈሉ፣ ክፍሎቹ ወለል ብለው የተከፈቱ። መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ደግሜ አየሁ፤ የዘለልኩት አላገኘሁም። ሰፌዱ ላይም ጥቂት ጥቃቅን ጡቦች እንጂ ግድግዳ የሚሆን አልቀረም። ቢሆንም ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነበር ልቤ የነገረኝ። እንዲህ ያለ ውድ ነገር ራሱ ይጎድላል ብሎ ማን ያስባል?

አባቴ ከጉዞ ሲመለስ እንደኔው አዞረው።

«ጀርባውስ?»

«የለም፣ አባዬ።»

«እንዴት የለም? ይህን ሁሉ ከፍዬ ግማሽ ቤት ገዛሁ? የት ጣልከው?»

«አልጣልኩም።»

«ሲሳይ፣ የት ጣልከው?»

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ ሳይገባኝ፣ «ሮቢ ወንዝ ወስጄው... እዚያ ወደቀብኝ» አልኩት። ጡቦቹ ከግቢ ወጥተው አያውቁም። ከአፌ ሲወጣ ግን እውነት መሰለኝ፤ ወንዙ ዳር የቆምኩበት ድንጋይ ሳይቀር ታየኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ የእናቴን ወንፊት ይዞ ወንዝ ወሰደኝ። ሱሪያችንን ሰብስበን ከአሸዋው እያፈስን እንነፋለን። ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት፣ «ወርቅ ነው እንዴ የምትፈልጉት?» ብላ ሳቀችብን።

«ከወርቅ የሚብስ ነው፣ እቴ» አላት አባቴ፣ ቀና ሳይል።

እኔ ደግሞ የሌለ ነገር እየፈለግሁ መሆኑን እያወቅሁ፣ ወንፊቱ በተነቃነቀ ቁጥር ምናልባት ይወጣ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። ምንም አልወጣም።

ያን ዕለት ምሽት ጋሼ ደምሴ ሲመጡ ግንቡ ሰሌኑ ላይ ነበር። የወንዙን ነገር እናቴ ነገረቻቸው። ግንቡን አንሥተው ወደ ኩራዙ አስጠጉና የግድግዳውን ጫፍ ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ታደሰ፣» አሉት አባቴን፣ «ይህ ጠርዝ የተጨረሰ ነው። ግድግዳ የሚቀጥልበት ቢሆን ለሚመጣው መያዣ ይተውለታል። እዚህ ጋ ሠሪው እጁን ታጥቦ ሄዷል።»

«ጋሼ፣ ሥዕሉን አያዩም? ሙሉ ግንብ ነው እኮ።»

«ሥዕሉን ገልብጠህ ጀርባውን አይተኸዋል?»

እናቴ ሳቀች። አባቴ ግን «ልጁ ራሱ አምኗል» አለ።

«እንግዲያ ፍየሏን ብትገዛለት ይሻል ነበር፤ እሷ ቢያንስ ከነጀርባዋ ትመጣለች» አሉና ተረት ጀመሩ።

አንዲት ጦጣ ነበረች አሉ። ቤት ሠርታ መንገድ ዳር አቆመች፤ ፊቱ ያማረ፣ በሩ የተቀረጸ፣ ከኋላ ግን እንጨት ያልነካው። «ይህ እኮ የአንበሳ ቤት አምሳያ ነው» እያለች ጮኸች። ዝንጀሮ የአንበሳን ቤት አይታ አታውቅም፤ ስሙ ግን አማለላትና የዓመት እህሏን ሰጥታ ገዛችው። ሲመሽ ልጇን «በሩን ዝጋ» አለችው፤ ዘጋ። ጅብ መጣ፤ በሩን አልነካውም፣ ዞሮ ገባና የተረፋትን እህል ይዞባት ሄደ። ሲነጋ ዝንጀሮ ልጇን ያዘች። «በሩን አልዘጋህም!» አለችና መታችው። «ዘግቻለሁ» አለ። ደግማ መታችው። በሦስተኛው፣ «አዎ፣ ረስቼው ነው» አላት። እሷም ልቧ ዐረፈ። በማግስቱ ምሽት ጅቡ በዚያው በኩል ተመለሰ።

ይህን ተረት ከእሳቸው በቀር ከማንም ሰምቼ አላውቅም፤ እዚያው የፈጠሩት ይመስለኛል። ያን ቀን «ሥሩላት» አላሉንም። ወደ አባቴ ዞረው፣ «በል፣ የዛሬውን ጥንቅሽ ክፈል» አሉት። ብርቄና እናቴ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ፍሙን በእንጨት ቆስቆሰና፣ «እኔ ልጄን አልመታሁም» አለ። እውነቱን ነው፤ አልመታኝም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከመኪናው ሲወርድ ቁልፉን «ያዝልኝ» እያለ የሚሰጠው ለእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብርቄ ሆነ። ግንቡም ቁም ሣጥኑ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ እንግዳ መቀመጫው አዙሮ።

ብርቄ ዛሬ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ደውላ፣ ልጇ የዚያኑ ፊልም አዲስ ግንብ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። «አንተ መቼም ሳትቆጥር አትናገርም፤ ይረባል ወይስ አይረባም?» አለችኝ። እኔም ቀስ ብዬ መረመርኩ። ያው ፋብሪካ የሚሠራቸው፣ ስም የሌለባቸው ተመሳሳይ ጡቦች በጣም ይረክሳሉ። ልዩነቱ ለስሙ የሚከፈል ነው። ፍርዴ የተዛባ እንዳይሆን ለጡቦቹ የሚገባቸውን ልስጥ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ዛሬም ቀጭ ብለው ይገጥማሉ፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። ጡቡ ዋጋውን ያወጣል። ስሙ ነው የማያወጣው። ጋሼ ደምሴ አስቀድመው ተረቱን ነግረው፣ ቤቱን አሠርተው፣ ከዚያ ነው ጥንቅሽ የሚቀበሉት። የሳጥኑ ባለቤቶች ግን የተረቱን ዋጋ አስቀድመው ተቀበሉን፣ ተረቱን አልነገሩንም፣ ቤቱንም በግማሽ ሰጡን፣ ግማሽነቱን የሚያሳየውን ወገን ደግሞ ሳጥኑ ላይ ሳይሥሉት ቀሩ። የሚያናድደኝ ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ልጅና አንድ ሾፌር አሸዋ የነፉት ለዚህ ነው።

«ስም የሌለውን ግዢለትና ተረቱን አንቺ ንገሪው» አልኳት።

ጋሼ ደምሴ ዛሬ የሉም። ከእሳቸው የቀረኝ፣ ቤት ባየሁ ቁጥር ከመግባቴ በፊት ዞሬ የማየት ልማድ ነው፤ ሰው ሲከራይም ሲገዛም ይጠራኛል፣ ይሥቅብኛልም። ጠርዙን ዳብሰው የተናገሩት ግን ሲከነክነኝ ኖረ፤ ለእኔ አዝነው ብለውት ቢሆንስ? የአሮጌው ግንብ መመሪያ በልጅነታችን ጠፍቷል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት፤ አንድ የማላውቀው ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ አስቀምጦታል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ የእያንዳንዱ ጡብ ዓይነትና ብዛት አለ። ግንቡን ከቁም ሣጥኑ አውርጄ አባቴ ፊት አፈረስኩት፣ እንደ ዱሮው በቀለም ለይቼ ሰፌድ ላይ መቁጠር ጀመርኩ። መኪና መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ መነጽሩን አድርጎ ሲያየኝ ቆየ።

«ታዲያ ለምን ወንዝ ወደቀብኝ አልክ?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኸኛ።»

አጠገቤ ቁጭ አለና ግራጫዎቹን እሱ መቁጠር ጀመረ። እንዳንሳሳት ሁለት ጊዜ ቆጠርን። በዝርዝሩ ላይ ካለው አንድም የጎደለ የለም፤ እንዲያውም ሦስት ትናንሽ ጡቦች ተርፈዋል።